ያገለገለ የጥይት ቀለህ በጥቂት ወጪ እንዴት ይጸዳል?

ጥይት ከአራት ነገር ትሠራለች፦ ከቀለህ፣ ከባሩድ፣ ከማቀጣጠያና ከአረር። ቃታ ተስቦ ድምፁ ካለፈ በኋላ ባሩዱ ነዶ አልቋል፤ ማቀጣጠያዋ ፈንድታ ቀርታለች፤ አረሩም ከዒላማው ጀርባ ያለው የአፈር ቁልል ውስጥ ገብቷል። የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አዲስ ሲገዛ ከአራቱ ብዙውን ጊዜ ውዱ ነው። በአሜሪካ ዒላማ ተኩስ የሚወዱ ሰዎች ጥይታቸውን ራሳቸው ወደ መሙላት የሚያዘነብሉበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው፤ በደንብ የተያዘ የሽጉጥ ቀለህ ደጋግሞ ይሞላልና።

ጥይት መቆጠብ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በውጅግራ ዘመን ጥይት በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ነበር። የዛሬው ጉዳያችን ግን አሜሪካ ውስጥ፣ ተኩስ እንደ ስፖርት በሚታይበት አገር የሚኖረውን አንባቢ ይመለከታል። ስለዚህ ባልዲውን ከማንሳታችን በፊት ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለራሱ መተኮሻ ጥይት የሚሞላን ሰው ፈቃድ አውጣ አይለውም፤ ሞልቶ መሸጥ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። የየስቴቱ ደንብ ይለያያልና የራስዎን ይጠይቁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ የፌዴራሉ ሕግ «ጥይት» ሲል ባዶውን ቀለህም ይጨምራል። በተማሪነት፣ በጎብኚነት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። ስለዚህ ለክረምት የመጣ የእህትዎ ልጅ ቀለህ ልልቀምልህ ቢልዎ አመስግነው ይከልክሉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አንባቢ ደግሞ ይህ ጽሑፍ መመሪያ አይደለም፤ እዚያ የመሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ማጽዳት ብቻ መሆኑን ነው። ባሩድ እንዴት እንደሚለካ ከጽሑፍም ከጓደኛም በወሬ አይወሰድም፤ ለዚያ እንደ ላይማንና ሆርናዲ ያሉ አምራቾች የሚያሳትሟቸው መጻሕፍት አሉ።

ቀለህ ለምን ይጸዳል?

ጀማሪ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለህ በሚያብረቀርቀው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ግን ቅደም ተከተሉ የተሳሳተ ይመስለኛል። ገንዘብዎ የተቆጠረ ከሆነ መጀመሪያ የመሙያ መጽሐፍ፣ ቀጥሎ ትክክለኛ ሚዛን፣ ከዚያ ካሊፐር የሚባለውን የቁመትና የውፍረት መለኪያ ይግዙ። እነዚህ ከአደጋ ይጠብቁዎታል። ማሽኑ የሚጨምረው ውበት ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቀለህ ከደበዘዘው አብልጦ ዒላማ አይመታም።

ቀለህ የሚጸዳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ለዓይን ነው፤ ጥላሸት የሸፈነው ስንጥቅ አይታይም። ሁለተኛው ለመሣሪያው ነው። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ይለጠጣል፤ እንደገና ሲሞላ ዳይ በሚባለው የብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። አሸዋና አቧራ የተለጠፈበት ቀለህ ዳዩ ውስጥ ሲገባ ውስጡን ይጭረዋል፤ አንዴ የተጫረ ዳይ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚገባበትን ቀለህ ሁሉ ሲጭር ይኖራል። ስለዚህ ልኩ ይኸው ነው፦ ቆሻሻው ለቆ፣ ጣት ሲያልፍበት ለስልሶ፣ ዓይን ሁለንተናውን ማየት ከቻለ ቀለሁ ጸድቷል። መስታወት መሆን የለበትም።

እርሳሱን አይናቁት

በቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀመጠችው ማቀጣጠያ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ፕራይመር፣ በአብዛኛው የእርሳስ ውሁድ አለባት። ስትፈነዳ ትርፍራፊው ከጥላሸቱ ጋር በቀለሁ ውስጥ ይቀራል። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለሕፃናት አንጎል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ በሕፃን ደም ውስጥ በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ሲገኝ ክትትል ይጀመር ይላል፤ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን ግን የለም።

ስለዚህ ሥራው ከማድ ቤት ይውጣ። የወጥ ድስት፣ የሰላጣ ማጥለያ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ለዚህ አይውሉም። ከርካሽ ሱቅ አንድ ባልዲ፣ አንድ የፕላስቲክ ማጥለያና አንድ ትልቅ ማንኪያ ይግዙ፤ በማይለቅ ቀለም «ለምግብ አይሆንም» ብለው ይጻፉባቸው። የሚጣል ጓንት ያድርጉ። ሲሠሩ ቡና አይጠጡ፣ ቆሎ አይቆርጥሙ። ሲጨርሱ እጅዎን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እስከ ክርን ይታጠቡ፤ ልብስዎንም ለብቻው ይጠቡት። ሹካ ለሚጠቀም ሰው ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ በእጁ ለሚበላና ልጁን ለሚያጎርስ ሰው ግን ግዴታ ነው።

ለቀማና ማበጠር

የራስዎን ቀለህ ይልቀሙ። የሌላ ሰው ቀለህ ከማንሳትዎ በፊት ግን የተኩስ ማዕከሉን ደንብ ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ቦታ መሬት ላይ የወደቀ ሁሉ የማዕከሉ ነው ይላል፣ ሰብስቦም ይሸጠዋል። ባልዲ ውስጥ የተጠራቀመውን ሳይጠይቁ መዝገን ደግሞ ነውር ነው።

ቤት ሲደርሱ ሁሉንም አሮጌ አንሶላ ላይ ዘርግፈው በደንብ ብርሃን ሥር ይዩ። የመጀመሪያው ፍለጋ ያልተኮሰች ጥይት ነው። ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ክምር ውስጥ መሣሪያ የከሸፈባት ወይም ከእጅ የወደቀች ሙሉ ጥይት መገኘቷ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለችውን ለብቻዋ አስቀምጠው ለተኩስ ማዕከሉ ሠራተኞች ይመልሱ፤ ወደ ባልዲም ወደ ማሽንም አትገባም።

ቀጥሎ ማግኔት። የሚሳብ ሁሉ ብረት ነው፤ የናስ ቀለም ቢቀባም ብረት ነው፤ ይውጣ። የማይሳብ ሆኖ ቀለሙ ግራጫና ክብደቱ ቀላል የሆነው አሉሚኒየም ነው፤ እሱም ለመሙላት አይሆንም። ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ግን ውስጡ ወርቃማ የሆነ ቀለህ ካገኙ አይጣሉት፤ ኒኬል የተቀባ ናስ ነውና ይሞላል። ከዚያ በባትሪ ወደ ቀለሁ ሆድ ይመልከቱ። ከታች መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ የሚፈልጉት ዓይነት ነው። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ከታዩ ግን ያረጀችውን ማቀጣጠያ በተለመደው መርፌ መግፋት አይቻልምና ጀማሪ አይድከምበት።

አሁን በመጠን ይለዩ። በቂጡ ዙሪያ የተቀረጸውን ጽሑፍ ማንበብ አሰልቺ ቢሆንም አቋራጭ የለውም። 9 ሚሊ ሜትርና .380 የሚባሉት ከሩቅ መንታ ይመስላሉ፤ አንደኛው ቁመቱ 19 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 17 ነው። .45 ደግሞ ትልቅም ትንሽም የማቀጣጠያ ጎድጓዳ ያላቸው ሁለት ዓይነት ቀለሆች አሉት፤ ቂጣቸውን አሰልፈው ሲያዩ ይለያሉ። ሳይለዩ አብሮ ማጠብ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ሆኖም 9 ሚሊው .40 ውስጥ፣ .40ው ደግሞ .45 ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። የውስጡ ሳይጸዳ ይቀራል፤ እርጥብ ሆኖ ሲደርቅም ሁለቱን ማላቀቅ ፒንሳ ያስይዛል።

በዚሁ ወቅት የተጨፈለቀውን፣ በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ያለውንና አረንጓዴ ዝገት የበላውን ያስወግዱ። ስስ አረንጓዴ ጥላ በመታጠብ ይለቃል። ዝገቱ ቆርቁሮ ጉድጓድ ካበጀ ግን ነገሩ አብቅቷል።

የባልዲው ዘዴ

ይህ በጣም ርካሹ ነው፤ በእኔ አስተያየት ለጀማሪ የሚበልጠውም ይኸው ነው። የሚያስፈልገው ክዳን ያለው ባልዲ፣ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሲትሪክ አሲድ ነው። ሲትሪክ አሲድ ማለት ሎሚን የሚያኮመጥጠው ነገር ነው፤ በአሜሪካ ሱፐርማርኬት አትክልትና ፍራፍሬ በጠርሙስ ለማቆየት የሚረዱ ዕቃዎች ባሉበት መደርደሪያ ላይ በነጭ ዱቄት መልክ ያገኙታል። እናቶቻችን የናስ ዕቃ በሎሚ የሚያሹት በከንቱ አልነበረም፤ አሲዱ ናሱን ያጠቆረውን ስስ ሽፋን ያሟሟል። ሎሚውን ራሱን መጭመቅም ይቻላል፤ ግን ፍርፋሪውና ስኳሩ ይለጠፋል፣ መጠኑንም ማወቅ አይቻልም።

በመጀመሪያ በሳሙና ብቻ ይጠቡ። ሁለት መቶ ያህል የ9 ሚሊ ቀለህ ባልዲው ውስጥ ጨምረው እጅ የሚችለውን ያህል ሙቅ የሆነ አራት ሊትር ውኃ ያፍሱበት፤ ሳሙና ጠብ ያድርጉ፤ ክዳኑን ገጥመው ባልዲውን ወዲያና ወዲህ እያንከባለሉ አምስት ደቂቃ ያህል ያንገጫግጩት። ቀለህ ከቀለህ ሲፋተግ የራሱን ቆሻሻ ያራግፋል። ውኃው ወዲያው ግራጫ፣ ቀጥሎም የጥላሸት ቀለም ይሆናል። ይህን የመጀመሪያ ውኃ አጥልለው ያውጡ፤ አሸዋውና አብዛኛው ጥላሸት አብሮ ይወጣል። ይህን ዙር የሚዘል ሰው አሲዱን በጭቃ ላይ ያባክናል።

ሁለተኛው ዙር የአሲዱ ነው። አዲስ ሙቅ ውኃ፣ በአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድና ጥቂት ጠብታ ሳሙና። በየሁለት ደቂቃው ያንቀሳቅሱት። ናሱ ከቡናማነት ወደ ወርቃማ ሲፈካ ዓይንዎ እያየ ነው የሚለወጠው፤ ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃል። «ትንሽ ቢቆይ ይበልጥ ያምራል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ አይስሙት። የጥይት ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። አሲድ ውስጥ ሲዘገይ ዚንኩ ቀድሞ እየለቀቀ ላዩ ላይ መዳቡ ብቻ ይቀራል፤ ቀለሁም ሐምራዊ ያለበት ቀይ መልክ ያወጣል። ከታጠበ በኋላ በስሱ የሚታይ ቅላት ላይ ላዩን ሊሆን ይችላል። ከመታጠቡ በፊት ጀምሮ በነጠብጣብ የቀላ ቀለህ ካጋጠመዎ ግን ዚንኩ ተበልቷልና ይጣሉት። ከ15 ደቂቃ በላይ አያቆዩ፤ ረስተው ሊሄዱ የሚችሉ ከሆነ ስልክዎን ያስደውሉ።

ከዚያ ማለቅለቅ፦ ሦስት ጊዜ፣ ወይም ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ። እንደ .223 ያለ አንገተ ጠባብ የጠመንጃ ቀለህ ውኃ በሆዱ ይዞ ይቀራል፤ እፍኝ እፍኝ እያደረጉ አፉን ወደ ታች ገልብጠው ያራግፉ።

የማይገባው ነገር

አቼቶና ጨው ቀላቅሎ መዘፍዘፍ የሚያወሩለት ብዙ ናቸው። ያጸዳል፤ ግን ዚንኩን ለማውጣትም ፈጣን ነውና ይተዉት። በረኪና በፍጹም አይገባም፤ ናሱን ይጎዳል። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ስለ ቀለህ ሳይሆን ስለ ሳንባዎ ነው።

ዋናው ጠላት ግን አሞኒያ ነው። ወታደር ቤት ያለፈ ሰው ዘለበቱን በብራሶ ሲወለውል ኖሯልና እጁ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም። ብራሶ ለዘለበት ጥሩ ነው፤ ለቀለህ ግን አይሆንም፤ አሞኒያ አለበትና። ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። ህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናቡ ወራት ጥይቱን በፈረስ ጋጣ ያስቀምጥ ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ ቀለሆቹ ማንም ሳይነካቸው ተሰነጣጥቀው ይገኙ ጀመር። ወራቱን ጠብቆ የሚመጣ ስለነበር ስሙንም ከወቅቱ ጋር አያያዙት። ምክንያቱ በ1921 ሲገለጥ ከፈረሶቹ ሽንት የሚተነው አሞኒያ መሆኑ ታወቀ። ናስ ሲሳብና ሲጨመቅ በውስጡ ውጥረት ይቀራል፤ አሞኒያ ደግሞ ይህን ውጥረት የያዘውን ናስ በቅንጣቶቹ መጋጠሚያ እየገባ ይሰነጥቀዋል። የተተኮሰና በዳይ የተጨመቀ ቀለህ በውጥረት የተሞላ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የናስ ወይም የመኪና መወልወያ ከመጠቀምዎ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ያንብቡ፤ አሞኒያ የሚል ካለ መልሰው ያስቀምጡት። የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽም ብዙ ጊዜ አሞኒያ አለው፤ ከቀለሁ ጋር በአንድ ቁም ሣጥን አያኑሩ።

ማድረቅ

ፀሐይ ካለ ሥራው አልቋል። አሮጌ ፎጣ ላይ ዘርግተው፣ ፎጣውን ጫፍና ጫፉን ይዘው ቀለሆቹን ወዲያና ወዲህ ያንከባልሉ፤ ላዩ ይደርቃል። ከዚያ ለአንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ይተዉት። በክረምት ቤት ውስጥ የአየር ማራገቢያ ፊት ሁለት ቀን ማቆየት ይበቃል። ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ የፍራፍሬ ማድረቂያ በጥቂት ዶላር ቢያገኙ ይጠቅማል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ፍራፍሬ አይነካውም።

የቤቱን ምድጃ አልመክርም፤ አንደኛ ምግብ ይበስልበታል። ሁለተኛ፣ እሳቱ ከበረታ ናሱ ይለሰልሳል። የቀለሁ ቂጥ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ተኩሱ ሲፈነዳ ግፊቱን የሚሸከመው እሱ ነው። የለሰለሰ ቂጥ ተበርግዶ ጋዙን ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልስ ይችላል። በየትኛውም መሣሪያ ቢያደርቁ ከ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ200 ፋራናይት፣ አይለፉ።

መድረቁን ሳያረጋግጡ አይሙሉ። ከባልዲው አሥር ያህል ቀለህ መርጠው አፋቸውን ወደ ታች አድርገው ነጭ ወረቀት ላይ ጠቅ ጠቅ ያድርጓቸው። ወረቀቱ ላይ የእርጥበት ቀለበት ከታየ ሌላ ቀን ይጨምሩ። እርጥብ ባሩድ በሚገባው አይነድም፤ አረሩ አፈሙዝ ሳይደርስ መሐል ላይ ሊቀር ይችላል። ተኳሹ ሳያውቅ ሁለተኛ ከተኮሰ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ዓይንዎን ይጠቀሙበት

እዚህ የደረሰ ሰው ደክሞታል፤ ቀለሁም አምሮበታል። ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ነው። እስካሁን የተሠራው ሁሉ ግን ለዚህ ሰዓት ነበር፤ አንድ ምሽት ይስጡት።

በጆሮ ይጀምሩ። ከአሥር የማይበልጥ ቀለህ በመዳፍዎ ይዘው ያንቀጫቅጩ። ጤነኛ ቀለህ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተሰነጠቀው መሐላቸው ካለ እንደ ተሰበረ ቃጭል ድምፁ ይሻክራል። ለይቶ ለማወቅ ጥቂት ልምምድ ይጠይቃል፤ ጆሮ ከለመደው በኋላ ግን ዓይን የዘለለውን እሱ ይይዛል። ከዚያ አንድ በአንድ እያሽከረከሩ ይዩ። አፉና አንገቱ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከእርጅና የሚመጣ ነው፤ ቀለሁ ጡረታ ወጥቷል። የሆዱ አንድ ጎን ከቂጡ ከፍ ብሎ ያበጠ ከሆነም ይጣሉት።

በጠመንጃ ቀለህ ላይ የሚፈራው ግን አግድም የሚሄደው ነው። ከቂጡ ጥቂት ከፍ ብሎ ቀለሁን እንደ ቀለበት የሚዞር ብሩህ መስመር ካዩ፣ ውስጡ እየሳሳ መሆኑን ይጠርጥሩ። የወረቀት መያዣ ሽቦ ዘርግተው ጫፏን በትንሹ ያጥፏት፤ በአፉ አስገብተው የሆዱን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ እየዳሰሱ ይሳቡ። ለስላሳ ከሆነ ደኅና ነው። ሽቦዋ መስመሩ ያለበት ቦታ ስትደርስ ቦይ ውስጥ እንደ ገባች ብትያዝ፣ ያ ቀለህ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊበጠስ የተዘጋጀ ነው። ይህ ዘዴ ወጪው ሳንቲም አይሞላም።

የሚጣለውን በፒንሳ ጨፍልቀው ይጣሉ፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሞላው። ናሱ ሲጠራቀም ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች በክብደት ይወስዱታል።

ማቀጣጠያዋን ማውጣት

ያረጀችውን ማቀጣጠያ ከመታጠቡ በፊት ማውጣት ይሻላል ወይስ በኋላ? ለጀማሪ መልሴ በኋላ ነው፤ ቆሻሻ ቀለህ ወደ መሣሪያዎ አያስጠጉ። ልምድ ሲመጣ፣ የቀለሁን ጎን ሳይነካ መርፌውን ብቻ የሚገፋ ዳይ ገዝተው አስቀድሞ ማውጣት ይቻላል፤ ጎድጓዳው አብሮ ይታጠባል፣ ቀለሁም ቶሎ ይደርቃል። ለሽጉጥ ጥይት ጎድጓዳውን ፍቆ ማጽዳት ግድ አይደለም፤ አዲሷ ማቀጣጠያ እስከ ታች ተስተካክላ ከገባች ይበቃል። የወጡት ማቀጣጠያዎች የእርሳስ አቧራ ያራግፋሉና በክዳን ዕቃ ይያዙ። ቂጧ ላይ የመሣሪያው መምቻ ጠባሳ የሌለባት ማቀጣጠያ ካጋጠመዎ አልፈነዳችም ማለት ነው፤ አይግፏት፣ ከነቀለሁ ለይተው ያስቀምጡ።

አንገተ ጠባብ ቀለህ በዳይ ከመጨመቁ በፊት ቅባት ይቀባል፤ ካልተቀባ ዳዩ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። ከተጨመቀ በኋላ ያንን ቅባት ለማስለቀቅ ሌላ አጭር የሳሙና እጥበት ያስፈልጋል፤ አሲድ አይጨመርም።

ማሽን መቼ?

በወር ከጥቂት መቶ በላይ የሚሞሉ ከሆነና ቦታ ካለዎ፣ ከመቶ ዶላር በታች የሚገኘው ደረቅ ማንቀጥቀጫ ይጠቅማል። ሥራው ቀላል ነው፤ ሳህኑ ውስጥ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ይሞላል፣ ቀለሁ ይጨመራል፣ ማሽኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲያንቀጠቅጠው ይውላል። ዋልነቱን «ለቀለህ» ተብሎ ከታሸገው ይልቅ የቤት እንስሳት ሱቅ ውስጥ ለእንሽላሊት ማንጠፊያ የሚሸጠውን ይግዙ፤ ያው ነገር ሆኖ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ደቃቁን ይምረጡ፤ ሻካራው የማቀጣጠያው ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል። አሞኒያ የሌለው የመኪና መወልወያ በክዳን ልክ ጨምረው፣ ቀለህ ከማስገባትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ባዶውን ያስኬዱት፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። ቁራጭ የወረቀት ፎጣ ጣል ቢያደርጉበት አቧራውን ይይዛል።

ችግሩ አቧራውና ጩኸቱ ነው። አቧራው እርሳስ የተሸከመ ነው፤ ክዳኑ ተገጥሞ ከቤት ውጭ መሠራት፣ ሲነፋም ጭምብል መደረግ አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት የሚኖር ሰው ይህን ማሽን ሦስት ሰዓት ቢያስጮኸው ከታች ያለው ጎረቤት በሩን ማንኳኳቱ አይቀርም። ባልዲው ግን የሚንገጫገጨው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ አቧራም የለውም። በውኃና በጥቃቅን የብረት መርፌዎች የሚሠራው ማሽን የማቀጣጠያውን ጎድጓዳ ሳይቀር አዲስ ያስመስላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ከእያንዳንዱ ቀለህ ሆድ መርፌ ለቅሞ ማውጣትም አለ። አንዲት የቀረች መርፌ አፈሙዝ ልትጭር ትችላለች። ለጀማሪ አያስፈልገውም።

ቆሻሻው የት ይሂድ?

ያገለገለው ዋልነት በወፍራም ፕላስቲክ ታሽጎ፣ የታጠበበት ውኃም በክዳን ዕቃ ተይዞ ካውንቲዎ አደገኛ የቤት ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ቢሄድ ይሻላል። ጓሮ አይድፉት። ጓሮዎ ውስጥ ጎመንና ጤና አዳም አለ፤ እርሳስ ደግሞ አፈር ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም።

ንጹሑን ቀለህ በፕላስቲክ ማሰሮ ወይም በዚፕ ከረጢት፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ መጠኑን፣ የታጠበበትን ቀንና ስንት ጊዜ እንደ ተሞላ የሚገልጽ ወረቀት ይለጥፉበት። የቆዳ ዝናር ውስጥ አያኑሩ። የአያቶቻችን ዝናር ላይ ጥይቱ ከቆዳው ጋር አረንጓዴ ሆኖ ተጣብቆ የምናየው ቆዳ የሚለፋበት ነገር ናስ ስለሚበላ ነው፤ ያማረ ቀለህ በወራት ውስጥ ወደዚያ ይደርሳል።

ሲትሪክ አሲዱ፣ ባልዲው፣ ማጥለያውና ጓንቱ አንድ ላይ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። የተረፈዎትን ገንዘብ ለመሙያ መጽሐፉ ያውሉት፤ እሱን ከዳር እስከ ዳር ሳያነቡ ደግሞ አንዲት ጣሳ ባሩድ እንኳ ወደ ቤትዎ አያስገቡ።